«ቡና ሲገባ እከፍልሻለሁ»

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው። ሦስቱም የመጡት ከዚሁ ከጅማ ነው። ጸሐፊዎቹ ቤታቸው ሠርተው የሚሸጡ ሰዎች ናቸው፣ ገንዘባቸውም ሰው እጅ ቀርቷል። የመጀመሪያውን ረዘም አድርጌ እመልሳለሁ። ሳነበው የራሴ የዱቤ ደብተር ነው ትዝ ያለኝ።

ጥያቄ

እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው መንደራ አካባቢ ነው። እንጀራ ጋግሬ እሸጣለሁ። ከጀመርኩ ሦስት ዓመት ሊሞላኝ ነው። በቀን 100 ያህል እጋግራለሁ። 40ው ለአንድ ምግብ ቤት ይሄዳል፤ ሌላው ለጎረቤትና በር ላይ መጥቶ ለሚገዛ ነው። አንዱን በ20 ብር ነው የምሸጠው። ጤፉን፣ ወፍጮውንና መብራቱን ስቀንስ ከአንድ እንጀራ 4 ብር ቢተርፈኝ ነው።

አሁን ሰው እጅ ያለው ገንዘቤ 11,460 ብር ደርሷል። 7,200ው የምግብ ቤቱ ነው፤ የዘጠኝ ቀን እንጀራ መሆኑ ነው። ባለቤቱ ክፉ ሰው አይደለም። በሄድኩ ቁጥር ሻይ ያስቀዳልኛል። ግን ሁሌ «ነገ ነይ» ነው። 1,900ው የአንዲት ጎረቤቴ ነው። ገጠር ቡና አላቸው፤ «ቡና ሲገባ እከፍልሻለሁ» ትለኛለች። 1,200ው አንድ ክፍል ተከራይተው የሚኖሩ የሦስት ተማሪዎች ዕዳ ነው። የቀረው 1,160 ብር የአራት ቤት ነው፣ ትንሽ ትንሽ።

መጠየቅ ያሳፍረኛል። ብጠይቅ ይቀየሙኛል፣ ሌላ ጋ ይሄዳሉ ብዬ እፈራለሁ። ባለፈው ሳምንት ጤፍ መግዣ አጥቼ ከወንድሜ ተበደርኩ። ባለቤቴም «ወይ ዱቤውን አቁሚ፣ ወይ ሥራውን ተዪው» አለኝ። ምን ይመክሩኛል? ስሜ አይውጣ።

መልስ

እህቴ፣ መጀመሪያ አንድ ሒሳብ አብረን እንሥራ። ምግብ ቤቱ 7,200 ብር ይዞብሻል። ከአንድ እንጀራ የሚተርፍሽ 4 ብር ነው። ያ ገንዘብ ቢቀርብሽ ቀዳዳውን ለመድፈን 1,800 እንጀራ መጋገር አለብሽ። በቀን 100 ለምትጋግር ሴት ይህ 18 ቀን ነው። 18 ቀን ሌሊት ተነስተሽ፣ ጭሱንና ሙቀቱን ችለሽ፣ ትርፉን አንድ ብር ሳትነኪ ብታስቀምጪ ነው ወደነበርሽበት የምትመለሺው። ይህን ሒሳብ ወረቀት ላይ ጻፊና ምጣዱ አጠገብ አስቀምጪው። ለመጠየቅ ስታፍሪ እሱን እዪ።

አሁን የራሴን ልንገርሽ።

ሂርማታ አካባቢ ስኖር 17 ዓመት አምባሻና ባልትና ሠርቼ ሸጫለሁ። የዱቤ ደብተሬ ከበሩ ኋላ ምስማር ላይ ይንጠለጠል ነበር። ሽፋኑ ሰማያዊ ነው። እስክሪብቶው በክር ታስሮበታል። ጠርዙ ሁሉ የበርበሬ ጣት ነክቶት ቀልቷል። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ ነበረኝ። ስም፣ የወሰዱት ዕቃ፣ ብሩ፣ የወሰዱበት ቀን። የሚከፍሉበትን ቀን ግን አንድም ጊዜ ጽፌ አላውቅም። «መቼ ትከፍያለሽ?» ብሎ መጠየቅ ሰውን አለማመን ይመስለኝ ነበር።

በ1999 ዓ.ም. የአንዲት ጎረቤቴ ገጽ 600 ብር ሞላ። ያኔ ይህ የሁለት ወር የቤት ኪራዬ ነው። ከዚህች ሴት ጋር በየቀኑ ቡና አብረን ነበር የምንጠጣው። ከጓሮዋ ጤና አዳም ቀጥፋ ነው የምትመጣው፤ ባዶ እጇን መጥታ አታውቅም። ዱቤው እየጨመረ ሲሄድ መጀመሪያ አቦሉን ብቻ ጠጥታ መነሳት ጀመረች። ቀጥሎ «ዛሬ ሥራ በዝቶብኛል» ማለት መጣ። ከዚያ ጭራሽ ቀረች። ገበያ ስትሄድም በእኔ በር ማለፍ ትታ በወንዙ በኩል መዞር ጀመረች። ያ መንገድ ክረምት ላይ ጭቃው አያስኬድም። አንድ ቀን ጫማዋን በእጇ ይዛ፣ ነጠላዋን ሰብስባ፣ በዚያ ጭቃ ስትሄድ በአጥሬ በኩል አየኋት። እኔም እንዳላየ ሰው ወደ ቤት ገባሁ።

አራት ዓመት እንዲህ ኖርን። ከዚያ ሰፈራችን ለቅሶ ሆነ። የእድሩ ድንኳን ስር ሽንኩርት ልንልጥ ስንቀመጥ ጎን ለጎን ገጠምን። ቢላዋ አልበቃ ብሎ ስለነበር እሷ እስክትጨርስ ጠበቅኩ። ስትጨርስ እጀታውን ወደ እኔ አዙራ ሰጠችኝ። ቀና ብላ አላየችኝም። እዚያው አቀርቅራ፣ «አንድ ቀን እንኳ ብትጠይቂኝ ምን ነበረበት?» አለችኝ። ቀጠለችና፣ «ዝም ስትዪኝ ለሰፈሩ ሁሉ የነገርሽብኝ መሰለኝ። በወር 50 ብር አምጪ ብትዪኝ አመጣ ነበር። 600 ብር በአንዴ ከየት ላምጣ?» አለች።

ለማንም አልተናገርኩም ነበር። ግን እሷ ይህን በምን ታውቃለች? ገንዘቡን ከዚያ ወር ጀምራ 50፣ 50 ብር እያደረገች በዓመቱ ጨረሰች። ቡናው ግን እንደ ድሮው አልሆነም። እስከ ዛሬ ጤና አዳም ስሸት ያቺ ሴት ትመጣብኛለች።

ይህን ሁሉ የነገርኩሽ ለምን መሰለሽ? አንቺ «ብጠይቅ ይቀየሙኛል» ትያለሽ። እኔ ያየሁት ሌላ ነው። 60 ብር ያለበት ሰው በርሽ ላይ ቆሞ ስለ ልጆቹ ያወራሻል። 1,900 ብር ያለበት ሰው ግን ድምፅሽን ሲሰማ ይደነግጣል። ሰውን ከቤትሽ የሚያርቀው በአንድ ጊዜ ሊከፍለው የማይችለው ዕዳ ነው። እዚያ ሳይደርስ መጠየቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ።

አሁን ወደ ሰዎችሽ እንምጣ። ሁሉንም በአንድ ዓይን አትያቸው።

ምግብ ቤቱ ለብቻው ነው። ጎረቤትሽ እንጀራሽን ቤቷ ትበላዋለች። እሱ ግን ይሸጠዋል። ጠዋት ያደረስሽለት እንጀራ ማታ ገንዘብ ሆኖ መሳቢያው ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ «ነገ ነይ» ሲልሽ ገንዘብ የለኝም ማለቱ አይደለም። ሥጋው፣ ዘይቱ፣ ኪራዩ ይቀድሙሻል ማለቱ ነው። እነሱ የቀደሙሽ ደግሞ ስለሚጠይቁት ነው። ሥጋ ቤቱ ካልተከፈለው ነገ ሥጋ እንደማይሰጠው ያውቃል። አንቺ ግን እንደምትመጪ እርግጠኛ ነው።

በምሳ ሰዓት አትሂጂበት። ወዲያ ወዲህ በሚልበት ሰዓት ማንም አይሰማሽም። ጠዋትም እንጀራ ስታደርሺ አትጠይቂው፣ ገና አልሸጠም። ከሰዓት ወደ 9 ሰዓት ገደማ ሂጂ። ምሳው አልቋል፣ ገንዘቡ ተቆጥሯል፣ ቤቱ ጸጥ ብሏል። ሻይ ካስቀዳልሽ ጠጪ። ግን ሻዩ ሳይመጣ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪ። ዘጠኙ ቀን አንድ በአንድ ይጻፍበት፤ ቀኑ፣ 40 እንጀራ፣ 800 ብር። ከታች 7,200። ከዚያ እንዲህ በይው፦ «ጋሼ፣ ይኸው ሒሳባችን። ከነገ ጀምሮ የዕለቱን በዕለቱ እየተቀበልኩ አመጣለሁ። የቆየውን ደግሞ በየቀኑ 200 ብር ቢጨምሩልኝ በ36 ቀን እንጨርሳለን።»

ከዚህ በኋላ ዝም በይ። ይህ ዝምታ ይከብዳል። አብዛኞቻችን ሰው ፊቱን ሲያጠቁር ቶሎ ብለን «ካልተመቸዎት ደግሞ...» እንላለን። እሷን አረፍተ ነገር አትጀምሪያት። እሱ ይናገር።

ከተስማማ «7,200 ብር አለብኝ፣ በየቀኑ 200 ብር እከፍላለሁ» የሚል ጽሑፍ ቀን ተጽፎበት ይፈርምልሽ። ሁለት ምስክር ቢኖርበት የበለጠ ነው። አንዱን ኮፒ እሱ ይያዝ። አልስማማም ካለ 40ውን እንጀራ አቁሚ። እንደሚያስፈራሽ አውቃለሁ። ግን እንደገና ወደ ሒሳቡ እንሂድ። ሲከፍልሽ በቀን 160 ብር ታተርፊበታለሽ። ሳይከፍልሽ ስትሰጪው ግን በቀን 640 ብር የጤፍ፣ የወፍጮና የመብራት ወጪ ከኪስሽ እያወጣሽ ነው። 60 እንጀራ ብቻ ብትጋግሪ ይሻልሻል። የተረፈሽን ጊዜ ሌላ ምግብ ቤት ፈልጊበት። ጅማ እንጀራ የሚገዛ ምግብ ቤት አይጠፋባትም።

እምቢ ብሎ ከቀረ ሽማግሌ አለ። እዚህ አገር ጃርሳ ቢያ እያልን የኖርንበት መንገድ ነው። ሰውየው የሚሸጠው ለዚሁ ሰፈር ሰው ነው፤ ስሙን ይፈልገዋል። እሱ የሚያከብራቸውን ሁለት ሰዎች ፈልጊና ወረቀትሽን ይዘሽ ንገሪያቸው። ፍርድ ቤትም አለ፤ ያስፈረምሽው ወረቀት ያኔ ይጠቅምሻል። ግን ለ7,200 ብር ቀጠሮ መመላለስ ስንት የመጋገሪያ ቀን እንደሚበላብሽ አስቢና የመጨረሻሽ አድርጊው።

አሁን «ቡና ሲገባ» ወደምትለው ጎረቤትሽ ልምጣ። ይህን ቃል የሌላ አገር ሰው ቢሰማው ሰበብ ይመስለዋል። እኛ ግን እናውቀዋለን። ጅማ ዙሪያ ያለ ገበሬ ዓመቱን ሙሉ የሚጠብቀው ያንን ገንዘብ ነው። ከጥቅምት ወዲህ ቡናው መለቀም ሲጀምር ከተማው ይለወጣል። ቆርቆሮ የሚገዛ፣ ልጁን የሚድር፣ ዕዳ የሚከፍል ሁሉ ያኔ ነው የሚንቀሳቀሰው። እኔም ባልትናዬ ደህና የሚሸጠው ህዳርና ታህሳስ ላይ ነበር። ስለዚህ ጎረቤትሽ እየዋሸችሽ ነው ብለሽ አታስቢ።

ነገር ግን ቡና በአንድ ቀን አይገባም። ቀዩን እሸት እንደለቀመ ሸጦ ብሩን ወዲያው የሚቀበል አለ። አድርቆ ጀንፈሉን በጆንያ አስቀምጦ ዋጋ እስኪወጣ የሚጠብቅም አለ። ይኼኛው ወራት ሊያቆይሽ ይችላል። የጎረቤትሽ ባል የትኛው ነው? ጠይቂያት። ቡና ስትጠጡ፣ «ዘንድሮ ቀዩን ነው የምትሸጡት ወይስ ጀንፈሉን?» በያት። ይህ የጎረቤት ወሬ ነው፣ ማንንም አያስቀይምም። መልሷ ግን ገንዘብሽ መቼ እንደሚመጣ ይነግርሻል። ቀዩን ነው ካለችሽ ደብተርሽን አውጪና እሷ እያየች «ህዳር 20» ብለሽ ጻፊ። ጀንፈሉን ነው ካለችሽ ያን ያህል መጠበቅ እንደማትችዪ በግልጽ ንገሪያትና በየሳምንቱ 100 ብርም ቢሆን ትጀምር። እስከዚያው 1,900ው እንዳይጨምር። እንጀራ ስትፈልግ የዕለቱን ከፍላ ትውሰድ። ለአንድ ቀን ባይኖራት ስጫት። በሚቀጥለው ቀን ግን መጀመሪያ የትናንቱ ይከፈል።

ከእሷ ጋር ስታወሪ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ባሏ ወይም አማቷ ባሉበት አትጠይቂያት። ስንት ሴት ናት የእንጀራ ዱቤዋን ባሏ የማያውቀው! አንድ ጊዜ ይህን ሳላስብ በሰው ፊት አንስቼ ሰው ቤት ጠብ አስነስቻለሁ። አሁንም ይቆጨኛል። ልጅሽንም ዱቤ ጠይቅ ብለሽ አትላኪ። ልጅ በር ላይ ቆሞ ድምፁን ከፍ አድርጎ ነው የሚናገረው፤ ሰፈር ሁሉ ይሰማል። ራስሽ ሂጂ። «ሒሳባችን እንዳይረሳ ብዬ ነው» በያት። ይህቺን ቃል ብዙ ጊዜ ተጠቅሜባታለሁ። ሌባ ነሽ አትልም፣ ገንዘቡንም አትተወውም።

ተማሪዎቹን ለየብቻ አነጋግሪ። ሦስት ሰው አብሮ ሲበላ እያንዳንዱ ሌላው የከፈለ ይመስለዋል። 1,200ውን ለሦስት አካፍዪና «የአንተ ድርሻ 400 ብር ነው» በዪው። ዛሬ ቴሌብር የሌለው ተማሪ የለም፣ እዚያው ቆሞ ሊልክልሽ ይችላል። ዕረፍት ሆኖ ወደየአገራቸው ሳይበተኑ አድርጊው። ከዚያ ወዲያ ግን ለተማሪ ዱቤ አልመክርሽም። ጨካኝ ሆኜ አይደለም። ቤተሰብ የሚልክላቸው በወር አንድ ጊዜ ነው፣ ያኔ ደግሞ የሚጠብቃቸው ዕዳ ብዙ ነው። ይልቅ ገንዘቡ በመጣላቸው ዕለት አስቀድመው ከፍለው በወሩ ውስጥ እየወሰዱ ይጨርሱ። ለእነሱም የወር እንጀራቸው ታሰበ ማለት ነው።

አራቱን ቤቶች ዛሬ ማታ ጀምሪ። 1,160 ብር ለአራት ቤት ትንሽ ነው፣ ማንም አይደነግጥም። አፍሽ እዚያ ይለማመድ። አራተኛው ቤት ስትደርሺ ድምፅሽ እንደማይንቀጠቀጥ እኔ እነግርሻለሁ። ከዚያ በኋላ ነው ወደ ምግብ ቤቱ የምትሄጂው።

ባለቤትሽ ዱቤውን አቁሚ ያለሽ ተጨንቆልሽ ነው። ግን በርሽ ላይ «ዱቤ ክልክል ነው» ብለሽ አትለጥፊ። ሱቅ ከሆነ ደግ። አንቺ ግን ሰፈር ውስጥ፣ ቤትሽ ነው የምትሸጪው። ልጇ የታመመባት ሴት በርሽ ድረስ መጥታ ያንን ወረቀት አንብባ እንድትመለስ አልፈልግም። ይልቅ ልክ አብጂለት። ለጎረቤት እስከ 300 ብር፣ ቢበዛ እስከ ደመወዝ። ለምግብ ቤት ሲታመን የሦስት ቀን፣ ከዚያ በላይ የለም። ሰው ሲወስድ የሚከፍልበትን ቀን ራሱ ይንገርሽ፣ ፊቱ ጻፊው። በቀኑ ማታ ጠይቂ። ሳምንት አታሳልፊ።

በዓመት አንድ ሁለት ገጽ ደግሞ ራስሽ የምትሰርዢው ይኖራል። እኔ ባሏ ሞቶባት ሦስት ልጅ ይዛ የቀረች ሴት ገጽ ሰርዤአለሁ። ነገር ግን ሄጄ ነገርኳት። «ያ ሒሳብ የለም፣ አታስቢው» አልኳት። ባልነግራት ኖሮ እንደዚያች ጎረቤቴ በጭቃው መንገድ ትዞር ነበር።

ጥያቄ

ሰላም እትዬ። ጅሬን መሄጃ ላይ ግቢዬ ውስጥ እንጨት እሠራለሁ። አንድ ሰው ለሠርጉ ስድስት በርጩማና አንድ ረከቦት አዘዘኝ። በ9,000 ብር ተስማማን። ቀብድ ብሎ 500 ብር ሰጠኝና ዋንዛ ገዝቼ ሠራሁለት። አሁን ሠርጉ ስለቀረ ዕቃውን እንደማይፈልግ ነግሮኝ 500 ብሩን መልስ ይለኛል። ለዚሁ ሰው በመሀል ቸግሮኛል ሲለኝ 2,000 ብር በቃል አበድሬዋለሁ። ቀብዱን ልመልስ? የብድሩስ ነገር?

መልስ

ወንድሜ፣ ቀብዱን የመመለስ ግዴታ የለብህም። ከ1952 ዓ.ም. ጀምሮ ያለው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቀብድን ለይቶ ይደነግጋል። አንቀጽ 1885 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል ይላል። ቀብድ የተቀበለው ቢተው ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ማለትም አንተ «አልሠራም» ብለህ ቢሆን ኖሮ 1,000 ብር ትመልስ ነበር። ሕጉ ለሁለታችሁም ነው የቆመው። ይህን ረጋ ብለህ ንገረው። ሠርጉ የፈረሰበት ሰው ነውና አትቆጣው።

የጎዳህ ግን የቀብዱ ማነስ ነው። በ9,000 ብር ሥራ ላይ 500 ብር ማንንም አያስርም። ዋንዛ ስንት እንደሚገዛ አንተ ከእኔ በላይ ታውቃለህ። በርጩማ ደግሞ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው፤ እንጨቱ አንዴ ከተቆረጠ ለሌላ ሥራ አይመለስም። ከእንግዲህ ቢያንስ የእንጨቱን ዋጋ ሳትቀበል መጥረቢያ አታንሳ። እኔ ብሆን ግማሹን፣ 4,500 ብር እላለሁ። ለሠርግ የታዘዘና ስም የሚቀረጽበት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ፣ ለሌላ ሰው አይሸጥምና። ገንዘቡን ስትቀበል «ቀብድ» የሚለው ቃልና ዕቃው የሚወሰድበት ቀን ወረቀቱ ላይ ይግባ። ስድስቱ በርጩማ ስም ካልተቀረጸበት ግን ብዙ አያሳስብህ። የጅማ በርጩማ ፈላጊ አያጣም። ከአዲስ አበባ የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ይዞ መመለስ የሚፈልገው ነው።

ብድሩ ነው ያሳሰበኝ። በዚሁ ሕግ አንቀጽ 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ ነው። ጽሑፍ ከሌለ ተበዳሪው ፍርድ ቤት ቀርቦ ካላመነ ወይም በመሐላ ካልተረጋገጠ በቀር ምስክር ቆጥረህ ማስረዳት አትችልም። አሁን ሰውየው ስለ ቀብዱ ሊያነጋግርህ ይፈልጋል። ስትገናኙ የብድሩንም አንሳ። «2,000 ብር ተበድሬአለሁ፣ በዚህ ቀን እመልሳለሁ» ብሎ ይጻፍልህ፣ ይፈርም፣ ምስክርም ይፈርም። ከቀብዱ ጋር አታደባልቀው፤ ሁለቱ ለየብቻ ናቸው። ተቀያይማችሁ ሳትለያዩ አድርገው።

ጥያቄ

የልደት ኬክ ቤቴ እየሠራሁ እሸጣለሁ። አንዲት ደንበኛ ባጃጅ ልካ ኬኩን አስወሰደች። ገንዘቡን እንዳስገባች የሚያሳይ ፎቶ በቴሌግራም ልካልኝ ነበር። ማታ ሳይ ምንም አልገባም። ስደውል አታነሳም። ምን ላድርግ?

መልስ

ልጄ፣ በጣም አዝናለሁ። ነገ ከሌላ ስልክ አንድ ጊዜ ደውዪላት። ስታነሳ አትሳደቢ። «ክፍያው አልደረሰኝም፣ ምናልባት የተሳሳተ ቁጥር ገብቶ ይሆናል፣ እዪልኝ» በያት። እውነትም ተሳስታ ከሆነ ደንግጣ ትልክልሻለች። ካልሆነም መመለሻ መንገድ ሰጥተሻታል። ባጃጁን ታውቂው ከሆነ ሹፌሩ ኬኩን የት እንዳደረሰ ያስታውሳል፤ ቤቷ ድረስ ሄደሽ በትህትና ጠይቂ። ፎቶዋንና ስልኳን ፌስቡክ ላይ አትለጥፊ። ተሳስታ ከሆነ በኋላ አትመልሺውም። የላከችውን ፎቶና የተጻጻፋችሁትን ግን አታጥፊ። ጭራሽ እምቢ ካለች ለፖሊስ የምታሳዪው እሱን ነው።

ከእንግዲህ ሰው የላከልሽን ፎቶ እንደ ክፍያ አትቁጠሪ። ፎቶ በስልክ ተቀናብሮ ሊሠራ ይችላል። የድሮ ክፍያ ፎቶም ቀኑ ተቆርጦ ይላካል። በቴሌብር ከሆነ *127# ደውለሽ፣ በንግድ ባንክ ከሆነ *889# ደውለሽ የራስሽን ሒሳብ ራስሽ እዪ። የመብራት ወይም የኔትወርክ ችግር ካለና ማየት ካልቻልሽ ባጃጁ ይጠብቅ። ሹፌሩ ቸኩያለሁ ካለሽ ይሂድ፣ ሌላ ባጃጅ ይመጣል። ኬኩ እስከዚያው ፍሪጅ ውስጥ ይቆይ።